አራተኛው ደረጃ

የአይስላንድ ጥር። ረፋድ ነው፣ ጨለማው ገና አልገፈፈም፤
ሌሊት የጣለው በረዶም ከመንገዱ አልተጠረገም።
ስቴንግሪሙር ክንዴን ይዞ፣ በየእርምጃው እያመነታ፣
አርባ ዓመት በማዕበል ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ ጌታ፣
ዛሬ ደረቅ ወለል ያዞረዋል፤
ምንጣፍ ጠልፎ ይጥለዋል፣ ደፉን እንደ ገደል ያየዋል።
«ይቅርታ እመቤት» ይለኛል፣ «እርስዎን አደከምኩ፤
ሚስቴ እስክትመጣ ነው። ቁልፌንስ የት ጣልኩ?»
ቁልፉ ከእጁ አንጓ ላይ ነው፣ ቁጥር ሠላሳ አራት።
አሳየዋለሁ። ሚስቱ ነኝ፤ ዘንድሮ ሃምሳ ሁለት።

ገንዳው ደጅ ነው፤ ከምድር ሆድ የፈላ ውኃ ይሞላዋል፣
እንፋሎቱ ወደቡን፣ ተራራውን ይጋርደዋል።
ኤይዲስ፣ የልጅ ልጃችን እኩያ፣ ከዳር ቆማ ትጣራለች፦
«አንድ እግር አንሡ! ከሃያ ወደ ኋላ ቁጠሩ!» ትላለች።
አሥራ አንድ ሽማግሌና አሮጊት፣ እንደ ሽመላ ባንድ እግር፤
ፀጉራችን ላይ በረዶ ይከመራል፣ ከአንገት በታች በጋ አገር።
እኔ አሥራ ሦስት ላይ ወደቅኩ። እሱ ንቅንቅ አላለም፤
ውኃው ብብቱ ሥር ገብቶ ይዞታል።
ዋና እንኳ ሳይማር ባሕር ላይ ያረጀ ሰው ነው፤
«ዋና ሞትን ያስረዝማል እንጂ» ይል ነበር፣ «መች አስቀረው!»

ከዚያ፣ ሰባት ቁጥር ላይ፣ ፊቱን ወደኔ መለሰ፦
«አንቺ ራግንሄይዱር፣ አንዱ ጉትቻሽ የት ደረሰ?»

አንቺ።
ዓመቱን ሙሉ «እርስዎ» ስባል ከርሜ፣ አንቺ አለኝ።
ሐኪሙ «ውኃው ሲጫን ደም ወደ ራስ ይወጣል» አለኝ፤
ይሁን፣ ምክንያቱ ምን ቸገረኝ።
ጥያቄዎቼን ወረፋ አስይዤ ነበር፦
የጀልባዋ ውል የት ገባ?
ያ ሳይጠመቅ ያጣነው ልጅ፣ ማን ልንለው ነበር?
እኔ አልረሳሁትም። ከሌላ አፍ ብሰማው ብዬ ነው።
«ውሉ ከአሮጌው ኮምፓስ ሣጥን ሥር ነው» አለ።
የልጁን ስም ግን ለእኔ አልነገረኝም፤
አጎንብሶ ለእንፋሎቱ ነገረው፣ ሰማሁት።

ሰዓቱ አለቀ። መውጫው አራት ደረጃ ነው፤ እቆጥራለሁ።
አንደኛው ላይ «ቀስ በይ» አለኝ። ሁለተኛው ላይ «መጣሁ»።
ሦስተኛው ላይ ውኃው ከጉልበቱ ሸሸ፣ ክብደቱ ተመለሰ፤
የሚለው ነገር ነበረው፣ ከንፈሩ ላይ ፈሰሰ።
አራተኛው ላይ ብርዱ ነካው፣ ክንዴን ጨብጦ አያት፦
«እግዜር ይስጥልኝ እመቤት። ሚስቴን ግን አዩአት?»

«አየኋት» አልኩት፣ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጥዬ፣ «ውኃው ውስጥ ናት፤
ማክሰኞ እንመለስላት።»