ያልተሳፈሩ

ጥር ነው። ዊኒፔግ። ከዜሮ በታች ሠላሳ፤
ትንፋሼ ሻርፔ ላይ አመዳይ ሆኖ ሲያርፍ፣
ጣቴ በጓንቴ ውስጥ ጣትነቱን ሲረሳ።
መቁጠሪያ ነው የያዝሁት፣ የጸሎት ግን አይደለም፤
የከተማው ነው፣ ብረት፤ ጠቅ ሲል አሜን አይልም።
የተሳፈረ አንድ ጠቅታ፣ የወረደ አንድ ጠቅታ፤
በሰንጠረዡ ላይ ሌላው ሁሉ ዝምታ።

ጥናቱ ርእስ አለው፦ «የአገልግሎት ማሻሻያ»፤
ይሄ ፌርማታ ደግሞ ከሚነሡት መጀመሪያ።
«በቀን አሥራ አራት ሰው፤ አማካዩ ይኸው ነው፤
ለአሥራ አራት ሰው ብሎ አውቶብስ ማቆም ለማነው?»
ብላኛለች ሄዘር፣ የዕቅድ ክፍል ኃላፊ።
ክፉ ሴት አይደለችም፤ በጀቷ ነው አኩራፊ።
ግድግዳዋ ካርታ አለው፤ በረዶ የለበትም፤
መስመሩ ሰማያዊ፣ አያዳልጥ፣ አይሰበርም።
አማካዩን ሰው እኔ አላየሁትም እስከ ዛሬ፤
ዘንቢል አይዝ፣ አያረፍድ፣ አይል «ወይኔ እግሬ»።

አሥራ ሁለት ከአርባ ላይ ማሪቪክ ትመጣለች፣
ሌሊቱን ሙሉ በሽተኛ ስታገላብጥ ያደረች፤
የሆስፒታል ጫማዋን በፌስታል ይዛ ቆመች።
አውቶብሱ ሞልቶ ደረሰ፤ ሾፌሩ መዳፉን አሳየ፤
«ይቅርታ» መሆኑ ነው፤ ሳይቆም ከእኛ ተለየ።
አውራ ጣቴ ጠበቀ። የሚጫን ነገር አጣ፤
የተሳፈረ የለም፣ የወረደም አልመጣ።
እሷ ግን አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ ነበር የቆመች፤
ከዚያ ዞር አለች በቃ፤ ድልድዩን በእግሯ ጀመረች።
ወረቀቴ ላይ፦ ዜሮ።
ዜሮ ስትጻፍ ክብ ናት፣ አፏን የከፈተች፣
የሰው ስም ልትናገር ብላ ያልቻለች።

ሚስተር ፍሌት ደግሞ አሉ፣ ባለ ተሽከርካሪ ወንበር፤
ማረሻው የቆለለው በረዶ ሆነባቸው ድንበር።
«አካፋ የያዘ ጥናት» አሉኝ፣ «ይሻለኝ ነበር።»
ሳቅሁ። ሳቁ። ሾፌሩ ጉርቪንደር ከመሪው ወርዶ
በጫማው አፍንጫ ሰባበረው ያን በረዶ።
ሁለት ደቂቃ ሄደ። በኮምፒዩተሩ ዘንድ
«መዘግየት» ተብሎ ተጻፈ፤ ቀይ ምልክት፣ ጥፋት አንድ።

ማክሰኞ እስክሪብቶዬን በብብቴ አሙቄ
ከሰንጠረዡ ጠርዝ ላይ ዓምድ አሰመርሁ ጠንቅቄ።
«ጠብቀው የሄዱ» አልሁት። ረቡዕ አሥራ አንድ ገባ፤
ሐሙስ አሥራ ስድስት፤ አንዷ ስትሄድ በእንባ፣
ለፈተናዋ ተውሳ ነበር የአክስቷን ካባ።

«ሰው መቁጠር» ሒሳብ ነው፤ «ከሰው መቁጠር» አደራ፤
በመሀል ያለችው «ከ»፣
እሷን ነው ያጣሁት በዚህ ሥራ።

ሄዘር ዓምዴን አየችው መነጽሯን አውልቃ፤
«ይሄ በቅጹ የለም» አለች፤ ቆየች ጣቷን አማታ፣ አፍታታ፣ አላቃ።
«እስከ መጋቢት ቁጠርልኝ፤ ፌርማታው ለጊዜው ይቆይ።»
ድል አይደለም፤ ያው ቀጠሮ ነው እንግዲህ፤ እንይ።

ያን ዕለት ማታ ሥራ ጨርሼ ቆምሁ እዚያው ቦታ፤
እግሬ ከበረዶው ጋራ ይሟገታል ያለ ፋታ።
«ሞልቷል» የሚል ብርሃን በግንባሩ ላይ ለጥፎ
አውቶብሱ መጣ፤ ሄደ፤ ፊቴን በነፋሱ ገርፎ።
ኪሴ ውስጥ አውራ ጣቴ ሳላዘው ጠቅ አለ።
ቤቴ ገብቼ ጻፍኋት፣ እጄ ገና ሳይሞቅ።

በማግሥቱ ሄዘር፦ «አሥራ ሁለት ተኩል ማታ ላይ
ይህቺ አንድ ማን ናት?»
በጣቷ ተጭና ያዘቻት።

ጫማዬ ገና አልደረቀም ነበር።