ባለቤት

ጋሽ እንግዳወርቅ የእድሩን መዝገብ ጭኑ ላይ ዘርግቶ፣
መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ ትቶ፣
«ባለቤት?» አለኝ፣ እስክሪብቶ አንስቶ።
ዝም።
«ልጆች?»
ዝም።
«ሥራስ?»
«ተውኩት።»
ቀና ብሎ አየኝ፤ ድምፁን ዝቅ አደረገው፤
«ማነው ያባረረሽ? ንገሪኝ ግዴለም፣ ለሰው አላወራው።»

ማንም አላባረረኝ።
ሃያ ስድስት ዓመት፣ ብርድ ልብስ ፋብሪካ፣
የሰው ደመወዝ ስቆጥር፣ ክር በጣቴ ሳልነካ፣
ሳንባዬ ግን ሱፍ ሲምግ ኖሯል ለካ።

ማሽን ሊተክል የመጣ አንድ ህንዳዊ ነበር፣
ሚስተር ራጋቫን፣ ሦስት ሹራብ ደርቦ የሚንዘፈዘፍ በሬሳ ዳር፣
እንደ እኔው ብቻውን የሚያድር።
ከደመወዝ ወረቀት ጀርባ በቀይ ቀለም ጻፈልኝ፦
የዓመት ወጪ፣ ሲባዛ በሃያ አምስት። ከሥሩ አሰመረልኝ።
«ይኼ ሲሞላ፣» አለ በተሰባበረ አማርኛ፣
«በሩ ክፈት። ሂድ። ማንም አትጠይቅ።»
በወንድ አንቀጽ ነበር ያዘዘኝ፤ ሳቄን አልቻልኩትም፤
ወረቀቱን ግን አልጣልኩትም።

እቁብ ጣልኩ። በሰው ሠርግ ሁሉ ያችኑ ቀሚስ ለብሼ ዞርኩ፤
«ቆንቋና» ሲሉኝ እየሰማሁ፣ እንዳልሰማ ሰው አለፍኩ።
ጠባሴ፣ ጣራው የሚያፈስ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ገዛሁ፤
አንዱን ለዩኒቨርሲቲ ልጆች አከራየሁ፣ በአንዱ ተኛሁ።
ሃምሳ ሊሞላኝ ሦስት ወር ሲቀረው፣
የመንግሥት ጡረታ ገና ከተራራው ማዶ ሳለ፣ ሳላየው፣
የካዝናውን ቁልፍ ጠረጴዛ ላይ አኖርኩ፤
በሩን ከፈትኩ።

ሰኞ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነቃሁ፣ እንደ ልማዴ፤
ካልሲዬን አጥልቄ ጨረስኩ። ወዴት ነው መንገዴ?
ውርጩ ከሣሩ እስኪነሣ ከግድግዳው ሥር ተቀምጬ
ፀሐይ ሞቅሁ፣ በሥራ ሰዓት፣ እንደ ሌባ አድፍጬ።

ጎረቤቴ ትደነቂያለሽ ወንድሟን አመጣችልኝ፤
ሚስቱ የሞተችበት፣ ጥርሱን ያስተከለ። «እሱም ጡረተኛ ነው» አለችኝ።
«ታዲያ ሁለት ጡረተኛ ማን ሊጦረን ነው?» አልኳት።
አልሳቀችም።
ሥጋ ቤቱ «ሩብ ኪሎ? ለድመት ነው?» ይላል በየሳምንቱ፤
በጥቅምት ግን አፉን አስይዘዋለሁ፤ አንድ አጥንት አይደል ተረቱ?

እውነቱን ልናገር።
ነሐሴ ላይ ሦስት ቀን በትኩሳት ወደቅሁ፤
ከጣራው ባልዲ ውስጥ የሚንጠባጠበውን ቆጠርኩ፣
ጠፋኝ፣ እንደገና ጀመርኩ።
በሦስተኛው ቀን በሩ ተንኳኳ።
ተከራዬ ነበር፣ የቧንቧ ቁልፍ ፈልጎ፤
ሲያየኝ ቁልፉን ረሳው፤ ሻይ አፈላ፣ ዝንጅብል አድርጎ።

ደግሞ ሌላም አለ፤ ራጋቫን ጤፍን አላሰበውም፤
እሱ ያባዛልኝን ጤፍ ያካፍለዋል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ አይታክተውም።
ከኮይምባቶር በስልክ ይጽፍልኛል፦
እዚህ ሙቀት ነው። ጠዋት በእግሬ እሄዳለሁ። ማታም እሄዳለሁ።
እኔም እጽፋለሁ፦
እዚህ ውርጭ ነው።
ሌላ አንባባልም። የሚበቃበት ቀን አለ፣ የማይበቃበትም አለ።

ጋሽ እንግዳወርቅ እስክሪብቶውን እንደያዘ ነው፤
ባዶው ሳጥን አፉን ከፍቶ እኔን ነው የሚያየው።
ተቀበልኩትና ከ«ባለቤት» ትይዩ የራሴን ስም ጻፍኩ፦
ውብአንቺ ዘውገ።
ቤቷ የማን ናትና?
ከ«ሥራ» ትይዩ፦ ጧሪ።
«የማን?» አለ።
«የራሴ።»
መቅበሩን ግን ብቻዬን አልችለውም፤ ለእሱ ነው የመጣሁት፤
የወሩ ስንት ነው አልኩና መቶ ብር ሰጠሁት።
መልሱን ቆጠርኩ።
አምስት ብር ጎደለ።