የውሃ ውስጥ ገና

ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ሦስት ቅጂ፣ ማኅተም የሌለው፤
«ጉዳዩ፦ የውሃ ውስጥ ገና ቡድን ስለማቋቋም ነው።»
ዲኑ ግድግዳው ላይ የቀን መቁጠሪያውን አየ፤ ኅዳር ነው፤
«ገና እኮ ገና ነው» አለ፣ «ለመሆኑስ ውሃው የት ነው?»

ውሃውማ አለ፤ ከጨርቃ ጨርቁ ፋብሪካ ጀርባ፣ የሲሚንቶ ኩሬ፣
እሳት ቢነሣ ተብሎ ተሠርቶ፣ እሳት ሲጠብቅ የኖረ እስከ ዛሬ።
ዘበኛው ጋሽ ሽፋው ቁልፉን በጣታቸው እያሽከረከሩ፣
«የሰመጠ እንዳላይ» አሉን፤ «ካየሁ አላውቃችሁም» ብለው ጨመሩ።

ዱላውን ከወይራ ጠረብን፤ ከክርን እስከ ጣት፣ ከዚያ አይዘልም።
ጥንጉን ከሞተ የአይሱዙ ባትሪ፣ እርሳሱን አቅልጠን፣
በወርክሾፑ ምድጃ፣ ቴክኒሻኑ ምሳ ሲወጣ ጠብቀን፣
ጎማ አለበስነው።
እንዲሰምጥ ነው የሠራነው።
ሰው ሁሉ እንዳይሰምጥ በሚሠራበት አገር።

ዘምዘም ይመር የመጀመሪያዋ ናት። ቀጥሎ አራጋው፣
ከሐይቅ የመጣ፣ ታንኳ ላይ ያደገ፣
ውሃ ሥር ዓይኑን ገልጦ ዓሣ የሚቆጥር ሰው።
አራቱ ዋና የተማሩት እዚያው ነው፣ ወገባቸው በገመድ ታስሮ፤
ገመዱን የያዝኩት እኔ ነኝ።
እኔ ግን አልዋኝም።
ቦርከና ሲሞላ ድልድዩን እንኳ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምሻገር።
ጸሐፊ ነኝ። ሰዓት እይዛለሁ።
የሰው ትንፋሽ እቆጥራለሁ።

ከላይ የሚታይ ነገር የለም።
ውሃው እንደ ድስት ይንተከተካል፤ ጀርባ፣ ተረከዝ፣ አረፋ፤
አንዱ ብቅ ብሎ «አገባን!» ይላል፤ እጽፋለሁ፤
ሌላው ብቅ ብሎ «ውሸት!» ይላል፤ እሰርዛለሁ።
በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ፣ ይባላል፤
እኛ ጋ ጌታም የለ፤ ዳኛውም ትንፋሹ ያልቃል።

ስድስት ሆነን ሦስት ለሦስት ከረምን።
ማን ያሸንፈናል?
ብቻውን የቆመ ቡድን ቡድን አይደለም፤ ዕድር ነው።
የሐረጎን ጠመዝማዛ ወጣን፣ ዱላውን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልለን፤
ረዳቱ የዱላውንም ሒሳብ ተቀበለን።
ደሴ ጉም ነበር። ጦሳ የለም።
ግቢው ውስጥ በተዋስነው ማይክ ለፈፍን፤ አሥራ አንድ ልጅ መጣ።
እንድሪስ ሙሄ የሚባል ረጅም ልጅ፣
«ሠፈሬ ቧንቧ ውሃ ነው» አለ፤ «ስሙ እንጂ ውሃው
በሳምንት አንዴ ነው። የት ልንዋኝ ነው?»
«ቅዳሜ ቅዳሜ ውረዱ» አልን። ወረዱ።
አሥራ ሁለት ቅዳሜ አስተማርናቸው፦
የተደፈነ ጆሮ ማስለቀቅ፣ በጡንቻ ሳይሆን በአንጓ መምታት፣
ትንፋሽ ሲያልቅ አለመደንገጥ።

ግጥሚያው ሚያዝያ ላይ ነበር። የዘምዘም አባት
ከማቅለሚያ ክፍል ፈረቃቸውን ጨርሰው መጡ፣
እጃቸው እስከ ክርን ሰማያዊ።
ጠርዙ ላይ ቆሙ።
«ልጄ የታለች?»
«ታች።»
«ምን ትሠራለች?»
«ታጠቃለች።»
ሰዓቴን አየሁ። ሃያ ሁለት። ሃያ ሦስት።
ሰውየው ሳያውቁት ትንፋሻቸውን ያዙ፤
ደም ሥራቸው ግንባራቸው ላይ ተገተረ፤
ሠላሳ አንድ ላይ ስትወጣ
ሁለቱም እኩል ተነፈሱ።

አምስት ለሁለት። ያስተማርናቸው አሸነፉን።
«የደጋ ሳንባ ነዋ!» አለ አራጋው እያሳለ፣
«ጦሳን ሽቅብ ሲተነፍሱ ያደጉ!»
ሚኒባሳቸው ጥሩምባ እየነፋ ሄደ።
መዝገቡ ላይ፦ ደሴ አምስት፣ ኮምቦልቻ ሁለት።
ከሥሩ፦ ሁለት ቡድን አለ።

ኋላ ነው ትዝ ያለኝ፤ ጥንጉ ታች ቀርቷል።
ሰው የለም። ጋሽ ሽፋው ቁልፉን ያሽከረክራሉ።
ጫማዬን አወለቅኩ። የብረት መሰላሉ ይቀዘቅዛል።
አንድ እርከን። ሁለት። ውሃው ሸሚዜን ነፋው።
አራተኛው ላይ ፊቴን ነከርኩ፣ ዓይኔን ገለጥኩ፤
አየሁት፤ ጥቁር፣ ትንሽ፣
ከግቡ አንድ ክንድ ፈቀቅ ብሎ ተቀምጧል።

የራሴን ትንፋሽ መቁጠር ጀመርኩ።