ሳይዘጋ የቀረ ማይክ

አሥራ ሁለት ሆነን፣ ጡረታችን ወጥቶ፣
የብርድ ልብስ ማሽን ጆሯችንን በልቶ፣
«እ?» እያልን የቀረን፣ «ምን አልሽኝ?»፣ «ምን አልከኝ?»፣
ልቅሶ ቤት እንኳ አፍ አፍ አይተን የምናለቅስ፣
በዕቁብ ብር ሚኒባስ ተከራይተን፣
ከደብረ ብርሃን በሌሊት ተነስተን፣
መንዝ ገባን፤ ጓሳ ደረስን ከነውርጩ።

አስጎብኚው ወንድይፍራው ይባላል።
በርኖሱን ደርቦ፣ ስልኩን እንደ መስቀል ከፍ አድርጎ፣
«ስልካችሁን አውጡ፣ ማዳመጫ ሰኩ፣
ከእኔ ስልክ ጋር አንድ በአንድ ይያያዝ፤
ኔትወርክ አይፈልግም፣ ካርድም አይበላ።
እዚህ ጩኸት ነውር ነው፤
ቀበሮዋ ከደነገጠች የእናንተ ቀን አለቀ።
እኔ ሹክ እላለሁ፣ እናንተ ስሙ» አለ።

ሽታዬ ሳቀች፦ «እኛን ነው ሹክ?
እኛ እኮ በመዶሻም አንሰማ!»

ማዳመጫ የረሳችውም እሷው ናት።
የእኔን ተካፈልን፣ ግራው ለሷ፣ ቀኙ ለእኔ፤
ገመዱ እንዳይበጠስ ትከሻ ለትከሻ፣
እንደ ጥማድ በሬ እርምጃ አስተካክለን።

ከዚያ ድምፁ መጣ።
ከፊት አይደለም፣ ከኋላም አይደለም፤
ከገዛ ራስ ቅሌ ውስጥ የበቀለ ይመስል፦
«ቀስ... ከጅባራው በስተግራ... ያቻት...»
ቀይ ናት። ቀጭን ናት። አይጥ ጉድጓድ አፍ ላይ
ጆሮዋን አቁማ ታደምጣለች።
እኛም እናደምጣለን።
አሥራ ሦስት አድማጭ በአንድ ሜዳ ላይ፣
ጤነኛ ጆሮ ያላት እሷ ብቻ።

ከንፈሩ ይቀድማል፣ ቃሉ ይከተላል፤
ማዶ ግንድ የሚፈልጥ ሰው ምሳሩ አርፎ
ድምፁ ዘግይቶ እንደሚደርስ።
«ጭላዶቹ ሣር ነው የሚበሉት፤
ቁጭ ብለው፣ እንደ አራሚ...»
አየን። እንደ አራሚ።
«ይህ ጓሳ ዓመት ጠብቆ ይታጨዳል፤
ለጣሪያ፣ ለገመድ። ያለጊዜው የነካ ይቀጣል።
አንድ ክረምት፣ እዚህ ቋጥኝ ስር፣
ሌባ በሌሊት አጭዶ ነበር።
ተያዘ። ተቀጣ። አገር ለቀቀ።»

እኩለ ቀን ላይ ቂጣችንን ፈታን።
እሱ «መጣሁ» ብሎ ከቋጥኙ ጀርባ ሄደ፣
ስልኩን በደረት ኪሱ እንደያዘ።
ማዳመጫችንን ማን ያወልቃል?
ከስንት ዘመን በኋላ የተመለሰ ጆሮ!

መጀመሪያ ነፋስ ሰማን።
ከዚያ የበርኖስ ኮሽታ፣ የጉልበት ቁጭታ፣
ከዚያ፦
«ልሳነወርቅ... ዛሬም ነገርኳቸው።
ሌባ አልኩህ ዛሬም።
ስምህን ግን አልጠራሁም፤ ያችን ታህል እንኳ...
ማጭዱ የእኔ ነበር። ጣሪያውም የእኔ።
አንተ የተገኘኸው ሸክም ልታግዘኝ መጥተህ፤
ሲጠይቁህ አፍህን ዘጋህ፣
እኔም ዘጋሁ።»

ቂጣ በየአፋችን ቆመ።
አሥራ ሁለት ደንቆሮ፣
በዕድሜያችን እንዲህ ጥርት ብሎ የተሰማን ነገር የለም።
ሽታዬ ገመዱን ያዘችው፤
ልትነቅለው ነው ስል፣ ያዘችው ብቻ።

ተመልሶ መጣ። ስልኩን ከኪሱ አወጣ።
መስታወቱ ላይ ቀይዋ ነጥብ ትበራለች።
አያት።
ቀና ብሎ እኛን አየ፣ በየተራ፣
ከንፈሩ ደርቆ፦
«ትሰሙኝ... ነበር?»

ማንም ማንንም አላየ።
አስቀድሞ «እ?» ያለው ሽማግሌው ዘውገ ነው፣
እጁን ከጆሮው ኋላ አድርጎ።
«እ?» አለች ሽታዬ። «ምን አልክ ልጄ?»
«እ?» አልን ሁላችን፣
ሠላሳ ዓመት ባጠናነው ቋንቋ።

ወንድይፍራው ጥቂት ቆመ።
ከዚያ ማይኩን ወደ አፉ አስጠጋ፦
«ወደ አስታው ጫካ... በዚህ በኩል...»
ድምፁ እንደ ጠዋቱ አልነበረም፤
ወይም የእኛ ጆሮ።

ሚኒባሱ ሲነሳ እጁን አወዛወዘልን፤
ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፣ ቃሉን ጠበቅን፣
መንገዱ ታጠፈ፣ ስልኮቹ ተላቀቁ፣
ማዳመጫው ውስጥ የቀረው እንደ ጥጥ ያለ ዝምታ።

ጣርማ በር ላይ ሽታዬ ጎኔን ነካች፤
ግራው አሁንም ጆሮዋ ላይ ነው፣ ቀኙም ጆሮዬ ላይ።
«ያ ሰውዬ... በሕይወት ይኖር ይሆን?»

«እ?» አልኳት።