ጭማሪ ደቂቃ

ክለቡ ጓዙን ጠቅልሎ፣ ወረደ ቱሉ ዲምቱ፤
መሬት በነጻ፣ አስፋልት በነጻ፣ አልተነገረንም ግምቱ።
ከደሞዜም «መዋጮ» ብለው ቆረጡ ሁለት መቶ፤
ፈርሜ ይሆናል እኔም፣ ወረቀቱ ሲዞር መጥቶ።

አስፋልቱ ስታዲየም በር ደርሶ ቆመ፣ እንደ ደከመው፤
ከዚያ ወዲህ ያው ጭቃ ነው፣ ያው የቀደመው።
ሣሩ ሌሊት ይጠጣል፣ የውጭ ዘር ነው፣ ክቡር፤
የእኛ ጀሪካን ቦኖ ጋ ያድራል፣ ተሰጥቶት ተራ ቁጥር።

መብራት በጠፋ ማታ ግን፣ ጨዋታ ካለ ሜዳው ላይ፣
ፓውዛው በመስኮት ይገባል፤
ልጄ ሲፈን ትሠራለች ክፍልፋይ።

ቡድን የለኝም።
የጋሽ ቶሌራ የባትሪ ሬዲዮ «አጥቂው ወደቀ!» ሲል
እለዋለሁ፦ «ወንድሜ፣ ተኛ፤
ሁለት ጥያቄ ቀርቷታል፤
ቀስ ይበል ዳኛ።»