ስንዝር አንጀት

ከንጋቱ አስራ አንድ ሰዓት፣ አቃቂ፣ ቄራው በር ላይ፣
ጉበት የሚሻ፣ ጨጓራ የሚሻ፣ ተሰልፎ ሲታይ፣
እኔ በረዶ የያዘ ፔርሙስ አቅፌ ቆሜያለሁ።
«ዛሬም ያችኑ ስንዝር?» ይለኛል ኩመላ፣
ቢላውን በሽርጡ ጠርጎ፤
«ሰው እንዴት ሥጋ ትቶ ቱቦ ይወዳል በላ!»
ይስቃል። ይቆርጣል። በመዳፉ ያቀብለኛል።
ገና ትሞቃለች። በጉ አልፏል፤
እሷ ግን መርዶው አልደረሳትም።

ሚኒባሱ ወደ ቱሉ ዲምቱ አቧራውን ሲያቦን
ረዳቱ፣ «ሻይ ነው አይደል? ቅዳልን!»
«የበግ አንጀት ነው» አልኩት።
«አይ አንጀት…» አለ፣ ወደ ውጭ እያየ፤
ሂሳብ ሳይጠይቀኝ እስከ መውረጃዬ ቆየ።

ቤተ ሙከራችን ከሲሚንቶ መጋዘን ጀርባ ነው፤
መስኮቱን ብንዘጋም ብንከፍትም አቧራው ያው ነው።
ጡንቻውን በወረንጦ እገፍፋለሁ፣ ቀስ እያልኩ፣
እንደ ሽንኩርት ልባስ እስኪሳሳ፤
የቀረችውን፣ ጥፍር የምታክል ስስ ገጽ፣
ከሁለት ብርጭቆ መሐል እወጥራታለሁ።

ወዲህ የምግቡ ወገን፣ ወዲያ የደሙ ወገን፤
በሁለቱም አንድ ዓይነት ውሃ፣ አንድ ዓይነት ጨው አደረግን፤
ሙቀቱ እኩል፣ ከፍታው እኩል፤
ቮልቴጁን እንኳ መሣሪያው ዜሮ ላይ ረግጦ ይዞታል።
ቁልቁለት የሚባል አላስቀረንላትም።
እንግዲህ የሚሻገር ካለ ተንሸራቶ አይደለም፣
ጎርፍ ወስዶት አይደለም፤
ተሸክማው ነው። ጨውን፣ አንድ በአንድ፣ በትከሻዋ።
የምንለካው ይኼን ነው፤ ሠላሳ ሁለት ማይክሮአምፔር፣
አምፖል የማያበራ፣ ራዲዮ የማያናግር፣
የሸክም ዋጋዋ።

ዶክተር የሺመቤት በምግቡ ወገን ስኳር ጠብ አደረገች።
ብዕሩ ቀና አለ፤ ዳገት እንደያዘ አህያ፣
አርባ፣ አርባ ዘጠኝ፣ ሃምሳ ስምንት።
ጨው ብቻውን ሲሆን ደጅ ይጠናል፤
ስኳር እጁን ከያዘው ግን ይገባል፤
ውሃም ሳይጠራ ይከተለዋል።

ይኼን ከመጽሐፍ አውቀው ነበር።
ያየሁት ግን አምና ክረምት፣ አተት የገባ ጊዜ፣
ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ፣ የቀን ሠራተኞች ላስቲክ ቤት፤
የሌንሴ ልጅ ዓይኗ ጎድጉዶ፣
የሆዷ ቆዳ ቢቆነጥጡት መመለስ ጠፍቶበት።
አንድ ከረጢት ዱቄት፣ አንድ ሊትር የፈላ ውሃ፣
የሻይ ማንኪያ።
አንድ። ትንሽ ቆይታ ደግሞ አንድ።
በየማንኪያው መሐል ጎንበስ ብላ፣
«አለሽ ወይ?»
ሊነጋጋ ሲል ልጅቷ ሸናች። ሌንሴ አለቀሰች።
ለሽንት እንዲህ እልል የሚል ሰው አላየሁም።

ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ መብራት ሄደ።
ብዕሩ ባለበት ቀረ፣ እንደ ተቀየመ ሰው።
ጄኔሬተሩ? ነዳጁ ካለቀ ሳምንት አለፈው።
ዶክተር የሺመቤት በጨዋ ስድብ ተሳደበች፤
እኔ ላምባ ምድጃውን ለኩሼ ውሃ አሞቅሁ፣
ገንዳው እንዳይበርድባት በጆግ እየጨመርሁ።
የኦክስጅኑ ሲሊንደር የኮረንቲ ዕዳ የለበትም፤
አረፋው በጭላንጭሉ ይንተከተካል።
የሰፈሩ መብራት በጠፋበት ሰዓት
ያች ጥፍር የምታክል ሥጋ
ኮረንቲዋን ራሷ ትሠራለች፤
የሚለካት የለ፣ የሚጽፍላት የለ፤
ጨው አንስታ ጨው ታወርዳለች።

አራት ሰዓት ተኩል፣ ፍሪጁ አጓራ፤ መጣ።
ሃምሳ ስምንት የነበረው አስራ አንድ ላይ ወርዷል።
ደንቡ እንዲህ ይላል፦ ከማጠባችሁ በፊት
በደሙ ወገን ቲዮፊሊን ጨምሩ፤
በሕይወት ካለች ትነሳለች፤
ካልተነሳች የዛሬውን ቁጥር በሙሉ ሰርዙት።

ጠብታውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ።
ጸሎት አልነበረም፤ እንዲያው አፌ አምልጦኝ
«አለሽ ወይ?»

ብዕሩ ጥቂት አሰበ።
አስራ አራት።
አስራ ዘጠኝ።
ሃያ ሦስት።

ዶክተር የሺመቤት ሰዓቱን ጻፈች፣ ቀና ሳትል።
እኔም ፔርሙሱን አጥቤ
አፉን ወደ ታች ደፋሁት፣ ለነገ።