የክዳን ሚዛን

አርባ ዓመት ሙሉ፣ ፔኒሽ ወደብ ዳር፣ ዓሣ ነው የቆጠርኩት፣
ሰርዲኑን ራስና ግርጌ አስተኝቼ በጣሳ የደረደርኩት።
ፋብሪካው ሲዘጋ እጄ ሥራ ፈታ፤
ጣቶቼ ግን ይቆጥራሉ፣ ተኝቼ፣ ማታ ማታ።

አሁን የምቆጥረው ሌላ ነው፤ የፕላስቲክ ክዳን፣
ሰው ጠጥቶ የጣለው፣ ለአንዲት ልጅ መዳን።
በእሳት አደጋዎቹ ጋራዥ፣ ከቀዩ መኪና ጀርባ፣
በርጩማዬ ላይ ነኝ፤ ከረጢት ሲወጣ፣ ከረጢት ሲገባ፤
የወተቱን ነጭ ለብቻ፣ የውሃውን ሰማያዊ ለብቻ፣
የዘይቱ እጅ ያሟልጫል፤ እሱን በመጨረሻ።

ቬናንሲዮ ይመዝናል። ድሮ ጀልባ ነድቷል፤
ዛሬ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መነጽሩን ይፈልጋል።
«ስንት ደረሰ?» ስለው፣ «ገና ነው፣ ቤንቪንዳ፣ ገና፤
የሊዝበን አውቶቡስ አለ፣ የእናትየዋ ማደሪያ አለ፣ ወሩም ረጅም ነውና።»

ኢሪያ ትባላለች። አሥራ አንድ ዓመቷ።
ያበጠው ከጉልበቷ በላይ ነው፤ ጥፋቱ ግን ከአጥንቷ።
መጀመሪያ «የማደግ ሕመም ነው» ብለው በቅባት አሹት፤
በኋላ ስም ወጣለት። ስሙን ሐኪሞቹ ይጥሩት።

ፎቶዋን ሳጥኑ ላይ ለጠፍን፣ መላጣ ራሷን፣ ትልልቅ ዓይኖቿን፤
ከሥሩ በቀይ ቀለም ጻፍን ስሟንና ዕድሜዋን።
ክዳኑ ጎረፈ!
ተማሪው በቦርሳ፣ ቄሱ በኮሮጆ፣ ዳቦ ጋጋሪው በዱቄት ከረጢት፣
ከማላውቀው መንደር ሳይቀር ጭኖ መጣ አንድ መኪና፣ በሌሊት።
ኮራሁ። ምን እዋሻለሁ?
ለሰው መድረስ እንደ ወይን ጠጅ ነው፣ ያሞቃል፤
ሁለተኛውን ብርጭቆ ያስመኛል።

አንድ ቅዳሜ ራሷ መጣች፣ በሁለት ክራንች ተደግፋ፤
ሳጥኑ ፊት ቆመች። ቆየች።
«ቀዳዳውን» አለች፣
«አፌ ላይ ነው የበሳችሁት።
የክፍሌ ልጆች ቆሻሻ የሚጥሉት
እዚህ ነው። አፌ ውስጥ።»

ከሺህ ዓሣ መሃል የተበላሸችውን አንዲት
በሽታዋ ብቻ የምለይ ሴት፣
ይህን አላየሁትም።
ደግነቴ ዓይኔን ጋርዶት።

ቬናንሲዮ መነጽሩን አገኘ። የዓሣ ቢላዋውን አወጣ፤
ፎቶውን ከጥግ ከጥጉ ፈቀፈቀ፣
ቀስ እያለ፣ የቁስል ክር እንደሚፈታ።
«ምን እንለጥፍ ታዲያ?»
«ዓሣ» አለች። «ካልሆነም ምንም።»
ራሷ ሳለችው፤ አፉን ግጥም አድርጎ የዘጋ፣
የማይለምን፣ የማይስቅ፣ የማያዝንም።

ክዳኑ ቀነሰ። ይህንንም መናገር አለብኝ።
ሰው የሚያለቅስለት ፊት ካላየ እጁ ይከብደዋል ለካ።
ስለዚህ እኔና እሱ ወጣን፣ ከበር በር፣ ከጀልባ ጀልባ፤
አንዱ ሲሰድበን፣ አንዱ ሲሰጠን፣ አንዱ ሰድቦ ሲሰጠን፣
በነፋስ፣ በጨው፣ እስኪያመኝ ድረስ ወገቤን።

በመጋቢት ጉልበቷን ወሰዱት።
የቀረውን እግር ወደ ኋላ አዙረው ወደ ላይ ሰፉት፤
ቁርጭምጭሚቷ ጉልበት ሆነ፣ ተረከዟ ወደ ፊት።
እኔ ስሰማ ጮኽኩ። እሷ ግን ጋራዡ ደጃፍ ቆማ፣
«ጣቶቼ የመጣሁበትን ያያሉ» አለችኝ፣ «ዓይኔ የምሄድበትን፤
ማንም ከኋላዬ ሊሰርቀኝ አይችልም እኔን።»

ሳንባዋን አሁንም በየሦስት ወሩ ያያሉ።
በእነዚያ ሰሞን ቬናንሲዮ ሚዛኑን ሦስት ጊዜ ይጠርገዋል፣
ባይቆሽሽም።

ትናንት ሰው ሠራሹን እግር አድርጋ መጣች፣ ቋ፣ ቋ፣ ቋ፣ በሲሚንቶው ላይ፤
«ይህ እግር» አለች፣ «ስንት ክዳን ይሆናል ቢቆጠር?»
ቬናንሲዮ እኔን አየኝ። እኔ ከረጢቱን።
«አልቆጠርንም» አላት፣ አልቆጠርንም።

ቁጥሩን አውቀዋለሁ።
ሌሊት፣ ጣቶቼ ይሉታል፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው።
ለማንም አልነግርም።